ወንዙ የሚያነበው ስም

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሂክማ፣ ደብተርሽን ጉልበትሽ ላይ ዘርጊ። አብዱ፣ አንተ ደግሞ እርሳሱን ከአፍህ አውጣ፣ ሸንኮራ አይደለም። ከአሁን በኋላ የሚያወራ ሰው የቤት ሥራውን ለብቻው ይሥራ። መምህራችሁ «ከታላላቆቻችሁ የሰማችሁትን ጽፋችሁ ኑ፣ ነገ ክፍል ውስጥ ታነቡታላችሁ» ብላለች አሉ። ታላቅ እንግዲህ እኔ አጎታችሁ ነኝ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ምላሴ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። እናታችሁ እዚያ ጥግ ማሾ እየለቀመች ነው፤ ብታጉረመርም እንዳልሰማችሁ ሁኑ። መብራት ስለሄደ የስልኬን ባትሪ አብርቼላችኋለሁ፣ እሱም ሊያልቅ ነው። ስለዚህ ዝም!

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ከሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ ሮቢ ወንዝ አጠገብ ነበር። ያኔ አባታችን፣ አያታችሁ አህመድ ማለት ነው፣ ከወንዙ ዳር ሽንኩርትና ማሽላ ይዘራ ነበርና ማሳውን የሚጠብቁልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አባባ ይመር የሚባሉ። ቀን ዝንጀሮ፣ ማታ ከርከሮ ሲያባርሩ ነው የሚውሉት የሚያመሹት። ፀሐይ ስትጠልቅ እራታቸውን ማድረስ የእኔና የእናታችሁ የዘይነባ ሥራ ነበር፤ ስንደርስ ከማማቸው ሥር የግራር ግንድ እየጨሰ፣ ኩራዟ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላ እየተወዛወዘች፣ እሳቸው መግሪብ ሰግደው፣ እግራቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው ይጠብቁናል። ጭሱ ለትንኝ ነው ይሉናል፤ ትንኟ ግን ምንም አትሆንም፣ የምናለቅሰው እኛ ነን።

በልተው ሲያበቁ ተረት ነው። የጅቡን፣ የቀበሮዋን፣ አሊዩ አምባ ገበያ ሄዶ አህያውን ይዞ ሚስቱን ረስቶ የተመለሰውን ሰውዬ። ስቀን እንሞታለን። እኔ መሃል እየገባሁ ስለማበላሽባቸው «አንተ ቀላማጅ፣ አፍህን ከርከሮ ይብላው» ይሉኛል።

አንዱን ተረት ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ያኔ ፍሙን በአመድ ያለብሱትና ፊታቸው ይጠፋል፣ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ድሮ፣ ይላሉ፣ ሮቢ ሲሞላ ሰው አይመርጥም ነበር፣ ያገኘውን ይወስዳል። ሰው ሲያልቅ ጊዜ አንድ ትልቅ ሼህ አሸዋው ላይ ወርደው ተቀመጡና ወንዙን ለመኑት። «በአላህ ይሁንብህ፣ ያልተጻፈልህን አትንካ» አሉት። ወንዙም «ማንበብ መቼ እችላለሁ?» አላቸው። ሼሁ እዚያው በራሱ አሸዋ ላይ በጣታቸው እየጻፉ ፊደል አስቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ ወንዙ የሚመጣው ስሙ አሸዋው ላይ የተጻፈውን ሰው ፍለጋ ነው። ማንም ስለማይጽፍ ሰዉ ስንት ዘመን በሰላም ኖረ። አንድ ቀን ግን አንድ ልጅ እንጨት ይዞ ወረደ።

እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፣ «ልጁስ፣ አባባ?» እላለሁ።

«ልጁማ ጎበዝ ነበር» ይሉኛል። «ስሙን አሳምሮ ይጽፍ ነበር።»

በቃ። አንድ ቀን ዘይነባ ቀስ ብላ «ወረቀት ላይ ቢጻፍስ?» አለቻቸው። «ወረቀቱ የመንግሥት ነው» አሏት። «አሸዋው ነው የእሱ።» ወደ ቤት ስንመለስ የሸሚዜን ጫፍ ጨምድዳ ትይዛለች፤ እኔ ደግሞ ድምፄን አወፍርና «ዘ... ይ... ነ... ባ» እያልኩ እንደ ወንዝ እጠራታለሁ። የወንዝ ድምፅ እንዴት ነው እንዳትሉኝ። ያኔ አላውቀውም ነበር፣ ኋላ ነው ያወቅሁት።

እናታችሁ አንደኛ ክፍል ነበረች፣ እኔ ሦስተኛ። ያኔ አንድ ደብተር ዓመቱን ሙሉ መድረስ ስላለበት መምህሯ የጽሕፈት የቤት ሥራ ሲሰጡ «ወረቀት አታባክኑ፣ ወንዙ ደርቋል፣ አሸዋው ላይ ተለማመዱ» ይሏቸው ነበር። ሰውየው ምን ያድርጉ፣ ጠመኔውም አልነበራቸውም። አንድ ሐሙስ «ከቤታችሁ የአንድ ሰው ስም ተለማምዳችሁ ነገ ሰሌዳ ላይ ትጽፋላችሁ፤ ያልቻለ እቤቱ ይቀመጣል» አሏቸው። ለሌላው ልጅ ይህ ማስፈራሪያ ነው፤ ለዘይነባ ግን የምር ነበር፣ ምክንያቱም አባታችን ቀድሞውኑ «ይህቺ ልጅ ፊደል ካልገባት ፍየል ትጠብቅ» ብሎ ጨርሷል። እናታችሁን ፍየል ስትጠብቅ አስቡት። እኔ የሚያሳዝኑኝ ፍየሎቹ ናቸው።

ከትምህርት ቤት መልስ አብረን ወረድን። የክፍሏ ልጆች ጽፈው ጽፈው ሄደዋል። እሷ እንጨቷን ይዛ ተንበርክካ ቀረች። «እማዬን አልጽፍም» አለች። «አባዬንም አልጽፍም፣ ማን ያበላናል?» የራሷንማ ጭራሽ። ሕፃኑ ወንድማችን ገና ጡት ይጠባ ስለነበር አሳዘናት። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የበዓል በግ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ አጎንብሳ፣ አንድም ፊደል ሳትስት፣ «ሰይድ» ብላ ጻፈች። እናታችሁ በሕይወቷ አሳምራ የጻፈችው የመጀመሪያው ቃል እኔ ነኝ።

ሳቄ መጣ። «ሮቢት ውስጥ ስንት ሰይድ አለ! ወንዙ ተሳስቶ የሰው ልጅ ሊወስድ ነው እኮ» አልኳትና እንጨቱን ነጥቄ ከጎኑ የአባቴን ስም ጨመርኩለት፣ «አህመድ» ብዬ።

ያን ዕለት አመሻሽ እራቱን ስናደርስ ዘይነባ ለአባባ ይመር በጆሯቸው ነገረቻቸው። የጎረሱትን ማኘክ አቆሙ።

«ሙሉውን?» አሉ።

«ከነአባቱ» አለች።

ያን ቀን ተረት የለም። ተነስተው ወደ ደጋው አዩ፣ እኔም አየሁ። እኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ አንዲት ኮከብ ብቅ ብላለች፤ በደብረ ሲና በኩል ግን ተራራው ጠፍቷል፣ በቦታው ጥቁር ነገር ቆሟል፣ ውስጡ መብረቅ ይላል፣ ድምፅ ግን የለውም። አባባ ይመር ያን ወንዝ ከእኛ ሁሉ በላይ ያውቁታል፣ ደጋው ሲጠቁር ልጅ አሸዋው ላይ ካዩ በወንጭፍ ነበር የሚያባርሩት። ያን ቀን ግን ከውሃው ይልቅ ስሙን ፈሩ። «እኔ ፊደል አላውቅ፣ የትኛው እንደሆነ አላገኘውም» አሉ። «ቶሎ ውረዱ። የጻፈው እጅ ራሱ ያጥፋው።»

ስንወርድ አሸዋው ቀን የጠጣውን ሙቀት ይተነፍስ ነበር። ስሞቹ ከዳር እስከ ዳር ተጽፈዋል፤ ያኔ በዚያ ድንግዝግዝ ሳያቸው ጎን ለጎን የተኙ ሰዎች መሰሉኝ። ዘይነባ በሁለት እጇ ስሜን ታብሳለች፣ እኔ ከጀርባዋ ቆሜ በወፍራሙ ድምፄ «ሰ... ይ... ድ» እያልኩ አስፈራራታለሁ። እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ። ለእኔ ቀልድ ዝም ያሉ መስሎኝ ኮራሁ። ከዚያ በወንዙ ሆድ ውስጥ ቀዝቃዛ ንፋስ መጣ፣ የርጥብ አፈርና የተቀጠፈ ቅጠል ሽታ ይዞ፤ እኛ ቀዬ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ጠብታ አልጣለም። ከንፋሱ ኋላ ድምፅ መጣ። ጭነት የሞላ አይሱዙ ከጣርማ በር የሚወርድ ነው የመሰለኝ። መንገዱ ግን በዚያ በኩል አይደለም።

«ውጡ! ውጡ!» እያሉ አባባ ይመር ከላይ ይጮሃሉ። ዘይነባ ሮጠች። እኔም ሮጥኩ፣ ግን እስኪ ልየው ብዬ ዞር አልኩ። ያየሁት ውሃ አልነበረም፤ ግንድና ድንጋይ እንደ አጥር ቆሞ ሲሄድ ነው። መጀመሪያ ጉልበቴን ያዘኝ፣ ከዚያ ወገቤን። ወላሂ እጅ ነበረው። ገለባበጠኝ፣ አጠጣኝ፣ ጫማዬን አወለቀልኝ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ሲደርስ ደግሞ የሰው ሽንኩርት ላይ እንደ ጆንያ ወረወረኝ።

በባትሪ ፈልገው አገኙኝ። አባቴ አቅፎኝ ያለቅሳል፣ እናቴ አልሐምዱሊላህ ትላለች፣ ጎረቤቱ ተሰብስቧል። አባባ ይመር ግን እንኳን ተረፍክ አላሉኝም። ቀጥ ብለው ወደ ዘይነባ ሄዱ።

«አጥፍተሽው ነበር?»

«ሰይድን አጥፍቻለሁ» አለች። «አህመድ ግን አልጠፋም። እሱን የጻፈው ሰይድ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። ትከሻዬ ላይ የነበረው እጁ ሲከብድ ተሰማኝ።

በተረቱ ውስጥ ያለው ጎበዝ ልጅ የአባባ ይመር ልጅ እንደነበር፣ አንድ ያላቸው ልጅ፣ እናቴ የነገረችን በማግስቱ ነው። ያን ተረት ዳግመኛ አላወሩልንም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። ዘይነባ ሰሌዳው ላይ ስሜን ጽፋ ከፍየል ጥበቃ ዳነች፤ ጽፋ ሳትጨርስ በእጅጌዋ አጥፍታው መምህሩ ድጋሚ አስጻፏት አሉ። አባቴ «እንዲህ ያለውን ወሬ አላምንም» ይል ነበር። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን፣ በጋም ቢሆን፣ አሸዋው አቧራ ሲነሳበት እንኳ፣ ወንዙን በእግሩ አቋርጦ አያውቅም፤ ማዶ ዘመድ ለመጠየቅ በአስፋልቱ ድልድይ ይዞር ነበር፣ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይፈጥናል። አላህ ይዘንለትና አርጅቶ አልጋው ላይ ነው የሞተው። እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ከገበያ በዘገየ ቁጥር፣ እኔና ዘይነባ በር ላይ ቆመን ወደ ወንዙ ጆሯችንን እንጥል ነበር።

እኔ ዘንድ ምን ቀረ ካላችሁኝ፣ ያ ሽታ ቀረ። አንዳንድ ቀን ተሳፋሪ ጭኜ ድልድዩ ላይ ሳልፍ፣ ዝናብ በሌለበት፣ የርጥብ አፈር ሽታ ድንገት ይመጣብኛል፣ ያኔ ሳላስበው ባጃጄን አፈጥናለሁ። ልጆች አሸዋው ላይ ሲጭሩ ካየሁም አቁሜ እወርድና በጫማዬ አጠፋባቸዋለሁ። ይሰድቡኛል፣ እሰድባቸዋለሁ። አንዴማ ያጠፋሁት የኳስ ሜዳቸውን መስመር ነበር።

ምን አልሽ ሂክማ? መጨረሻው ላይ ወንዙ ማንበብ ይችላል ወይስ አይችልም ልበል? አይችልም ብለሽ ጻፊ፣ በትልቁ ጻፊው! ማንበብ ቢችል ኖሮ ሰይድ አህመድን እጁ ካስገባ በኋላ ይለቀው ነበር? እኔ ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፣ እሱ ግን የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። አንቺ ዘይነባ፣ ምን ያስቅሻል? ተናገሪ እንጂ፣ ይችላል ልትይ ነው?

«ይችላል እንጂ። አንብቦ ማን መሆንህን ሲያውቅ አይደል እንዴ የተፋህ!»