«እሳቸው» ያልሁት ሰው

የእናቴ ዓይን እየደከመ መሄዱን በሰማሁ ጊዜ፣ በድሬዳዋ አንድ ንግድ ቤት የነበረኝን የጸሐፊነት ሥራ ትቼ በባቡር ወደ አዳማ ተመለስሁ። የተውሁት ግን ሥራዬን ብቻ አልነበረም። አንድ ቤት ተከራይተን አብሮኝ ይኖር የነበረ፣ ባልና ሚስት እንደሚዋደዱ የምወደው ወንድ በዚያ ቀርቷል። ይህን መውደድ የሚገልጽ ቃል በማነብባቸው ቋንቋዎች ፈልጌ፣ ከስድብ በቀር አላገኘሁም።

እናቴ በሁሩታ ገጠር፣ በኦሮሞ ቤት ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛን የለመደችው አባቴን ካገባች በኋላ ስለሆነ፣ ወንዴና ሴቴ አንቀጽ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይምታታባታል። ጎረቤታችንን ሴትዮ «ሄደ» ትላለች፤ ባሏን «መጣች»። እኔንም በልጅነቴ «ነይ!» ብላ ስትጠራኝ እኩዮቼ መሳቂያ ያደርጉኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ዓይኗን ለብ ባለ ውኃ ሳጥብላት፣ «ድሬዳዋ ማን አለህ?» አለችኝ።

«አንድ ሰው አሉ።»

አክብሮት አልነበረም፤ መሸሸጊያ ነበር። «እሳቸው» ወንድም ሴትም ይሆናል። ልዋሻት አልፈለግሁም፤ እውነቱንም ለመናገር ድፍረት አልነበረኝም።

«አሉ?» ብላ ሳቀች። «እኔን እናትህን አንቺ እያልህ፣ ምራቴን አሉ? የባላባት ልጅ ናት ወይስ እንደ እኔ አሮጊት?»

«አሮጊትስ አይደሉም።»

«ወጥ ይሠራሉ?» አለች፣ አነጋገሬን እየቀዳች።

«ይሞክራሉ።»

«ወይ ጉድ! እንግዲያ አንተ ነህ የምትሠራው!»

ከዚያ ወዲህ ስለ «እሳቸው» ሳትጠይቀኝ አትውልም። እኔም እየሳቅሁ እመልስላታለሁ፤ ሳቄ ግን ያስፈራኝ ጀመር።

በዚህ መካከል ወዳጄ በአንድ የባቡር ሠራተኛ አፍ መልእክት ላከልኝ፤ «ልምጣ ወይስ ልቅር? ቅር ካልኸኝ ዳግመኛ አልጠይቅህም» ይላል። ቢመጣ እናቴ ድምፁን ትሰማለች። ድምፅ ደግሞ በ«እሳቸው» አይሸፈንም። ከቤቷ ብታስወጣው እኔ ከማን ጋር እሆናለሁ? ቢቀርስ?

ሠራተኛው ወደ ድሬዳዋ በሚመለስበት ቀን «ጣቢያ ደርሼ ልምጣ» ብዬ ነጠላዬን ስደርብ እናቴ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ለዚያ ሰው ልትልክ ነው?»

«አዎን።»

«ይምጣ በለው።»

ባለሁበት ቆምሁ። «ትምጣ» አላለችም፤ እንደ እኔ «ይምጡ» ብላም አላሾፈችም። የወትሮ ስሕተቷ ይሆን? ወይስ ከ«አሉ» በስተጀርባ የሸሸግሁትን ዓይኗ ሳያስፈልጋት አይታው ኖሯል?

«እማዬ፣ ማን ይምጣ?»

«ያንተ ሰው ነዋ! ሌላ ማን አለህ?» አለችና ፊቷን ወደ ፀሐይ መለሰች።

ደግሜ ልጠይቃት ስል ትቼው ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ብታርመው፣ ብታጠራው፣ ያቺን አንዲት ቃል እንዳላጣት ፈራሁ።

ጣቢያው ስደርስ ባቡሩ ውኃ ይቀዳ ነበር። ሠራተኛው ሊጫን ከታሰረ ቆዳ አጠገብ ቆሞ፣ «እህ ጌታው፣ ምን ልበለው?» አለኝ።

«ይምጣ በለው» አልሁ።

ቃሉን እናቴ እንዳለችው አልሁት። አውቃ ብላው ይሁን ተሳስታ፣ ወደ ቤት ስመለስም አላወቅሁም።