ለሆዷ የተስማማ ስንቅ

አንድ ዳገት ወገብ ላይ ሱቅ ያላት ሴት እሑድ እሑድ የአንዲት ብስክሌተኛን መምጣት በናፍቆት ትጠብቃለች። ብስክሌተኛዋ ፀጉሯ የሸበተ፣ ባቷ የጠነከረ ሴት ናት። ከከተማ ድረስ ስትነዳ ትመጣና ውሃ ብቻ ገዝታ ደጃፉ ላይ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ከጀርባ ኪሷ የተቀቀለ ድንች አውጥታ፣ ጨው ነስንሳ፣ ሳትቸኩል አላምጣ ትበላለች።

አንድ እሑድ ባለሱቋ አላስችል አላትና፣ “እትዬ፣ ብስኩት ልስጥዎት? ሌሎቹ ብስክሌተኞች ይወዱታል” አለቻት።

“ሆዴ አይወደውማ፣ ልጄ። ቀዶ ጥገና ካደረግኩ ወዲህ ጣፋጭ አይቀበልም። ብስኩቱንም፣ ሙዙንም፣ ቴምሩንም ሞክሬ ሁሉም መንገድ ዳር አስታወከኝ። ልጆቼማ ‘እማዬ፣ በቃሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ’ ብለውኝ ነበር። መቀመጡን ደግሞ ሆዴ ከብስኩቱም የባሰ ጠላው። ድንች ግን እስካሁን አላሳፈረኝም።”

ይህን ብላ እጇን አራገፈችና የቀረውን ዳገት ተያያዘችው። ሱቁ ጥግ ቆሞ ሞተሩን የሚያበርድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከኩርባው እስክትሰወር በዓይኑ ሸኛት።

“ማናት እሷ?” አለ።

“የእኔ ደንበኛ ናት” አለች ባለሱቋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።