ወደ ሳላህ እህት መንደር

ቅዳሜ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት

ሃግሴትራ የስቶክሆልም ምድር ባቡር አረንጓዴ መስመር መጨረሻ ስለሆነ የመጀመሪያው ባቡር በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። መጋቢት ቢገባም በረዶው ገና አልለቀቀም፤ በጫማዬ ሥር እየተንኮሻኮሸ ጣቢያ ደረስኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴ፣ ጥቂት የስዊድን ቸኮላትና አንድ ደብዳቤ አለ። ደብዳቤውን የጻፈልኝ ናቢል የሚባል፣ በደቡብ ቱኒዝያ የሚኖር የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው። "እናቴ የወንድሟን ጓደኛ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ እባክዎ ይምጡ" ይላል።

ወንድሟ ሳላህ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ኖሯል፤ ጡረታ እስኪወጣ የቱነልባና፣ የዚሁ ምድር ባቡር፣ ነጂ ነበር። እኔ ለትምህርት መጥቼ የውሃ መሐንዲስ ሆኜ የቀረሁ ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ እሱ ለሥራ መጥቶ የቀረ ቱኒዝያዊ። የምንግባባው በስዊድንኛ ነበር፣ ሁለታችንም እየሰባበርነው። ባለቤቴ ስታርፍ ሳምንቱን ሙሉ ድስቱን ይዞ እየወረደ አብሮኝ ይበላ ነበር። "አንድ ቀን አገሬን አሳይሃለሁ" ይለኝ ነበር። ኅዳር ላይ ሞተ።

አውሮፕላኑ ፀሐይ ፍለጋ በሚሄዱ ስዊድናውያን ሞልቷል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ለጎልፍ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ለቅሶ ልደርስ ነው ልላቸው ፈልጌ በስዊድንኛ ቃሉ ጠፋኝ። "ዘመድ ጥየቃ" አልኳቸው።

እሑድ፣ ከሱስ ወደ ጋቤስ

ሱስ በምትባለው የቱኒዝያ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ጣቢያው ላይ ባቡሩ አንድ ሰዓት አርፍዷል። የፕሬዚዳንቱ ፎቶ ከትኬት መሸጫው በላይ፣ ከሻይ ቤቱ ውስጥና ከመውጫው በር ላይ ተሰቅሏል፤ የትም ብዞር ያየኛል። ሁለተኛ ማዕረግ ቆረጥኩ። ወንበሩ ቡናማ ፕላስቲክ ነው፣ መስኮቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ይከፈታል።

ከከተማው ስንወጣ የወይራ ዛፍ ጀመረ። መስመር ይዞ የተተከለ፣ ከሥሩ ሣር የሌለበት፣ ቀይ አፈር ላይ የቆመ ወይራ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ አላለቀም። ኤል ጀም ላይ የሮማውያን ታላቅ ፍርስራሽ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ድንገት ብቅ አለ። ለማየት የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ምሳውን ይበላል።

ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ረጅም ዳቦ ለሁለት ቆርሶ በቱናና በሃሪሳ ሞልቶ ግማሹን ሰጠኝ። ሃሪሳ የእኛን ዳጣ ይመስላል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይበዛል።

"ሶማሊ?" አለኝ።

"ኢትዮጵያ። የመጣሁት ግን ከስዊድን ነው።"

አውሮፓ እየኖርኩ እዚህ ምን ልሠራ እንደመጣሁ አልገባውም። ጉንጩን እየሞላ በአዘኔታ አየኝ። ጋቤስ ስንገባ የፋብሪካ ሽታና የባሕር ሽታ ተቀላቅሎ ተቀበለን። ጣቢያው አጠገብ ባለ ሆቴል አደርኩ፤ አልጋው አንድ ጎኑ የጎደጎደ ነበር።

ሰኞ፣ የሉዋዥ ተራ

ሉዋዥ ስምንት ሰው ሲሞላ የሚነሣ ነጭ ሚኒባስ ነው። ረዳት የለውም፤ ሾፌሩ ራሱ በር ላይ ቆሞ የሚሄድበትን ከተማ ስም ይጠራል። ናቢል እዚያ ጠበቀኝ። በአርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ የአስተማሪ ኮት የለበሰ ሰው ነው። "አሚ" አለኝ፤ አጎቴ እንደማለት። ሰባተኛው ተሳፋሪ የመኪና መስታወት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ፤ ስምንተኛውን ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅነው።

መንገዱ ከተምሩ ዛፎች ወጥቶ ጠጠር የበዛበት ሜዳ ውስጥ ገባ። ናቢል ወደ እኔ ዞሮ፣ "እናቴ በግ አሳርዳለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል" አለኝ።

"ለእኔ ነው?"

"ለእርስዎ ነው እንጂ። አጎቴ ነፍሱ እስክትወጣ እጁን ይዘው አጠገቡ ነበሩ። አስከሬኑን ያመጣው ሰው ነግሮናል። እናቴ በዚህ ነው የተጽናናችው።"

መስኮቱን ዝቅ አደረግኩት።

ነገሩ እንዲህ አልነበረም። ኅዳር ላይ ከሳላህ ቤት ሬዲዮ መሰማት ጀመረ። ዐረብኛ ነው፤ ቀን ከሌሊት አያቋርጥም። በመጀመሪያው ቀን ናፍቆት ያዘው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ከተትኩ። ጉንፋን ይዞኛል፣ ደረጃው ይከብደኛል፣ ነገ አነጋግረዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን ለሕንፃው ጠባቂ ደውዬ "ከላይ ያለው ሬዲዮ ዕረፍት ነሣኝ" ብዬ አማረርኩ። ጠባቂው በማግስቱ በቁልፉ ከፈተ። ሳላህ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ወድቆ ነበር። የመረመረውን ሐኪም፣ ወዲያው ነው የሞተው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ምናልባት" አለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ፣ "ምናልባትም አይደለም።"

ይህን ለልጄ እንኳ አልነገርኩም። ለናቢልም በመኪናው ውስጥ አልነገርኩትም።

መንደሩ ስንደርስ የናቢል እናት ወይዘሮ መብሩካ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አገጫቸው ላይ ሰማያዊ ንቅሳት አላቸው፤ ዓይናቸው የሳላህ ነው። ሁለት እጆቼን ያዙና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

ናቢል ተረጎመ። "'በየትኛው እጅህ ነው የያዝከው?' ትላለች።"

መልሴን ሳይጠብቁ ቀኙን መርጠው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ግቢው በሰው ሞልቷል፤ ኩስኩሱ በትልቅ ገበታ ቀርቧል፤ የሥጋውን ምርጥ ወደ እኔ ይገፋሉ። በዚያው እጄ በላሁ።

ማክሰኞ፣ መቃብሩ

ጠዋት ሦስታችን ወደ መቃብሩ ወጣን። በኖራ የተለቀለቀ ዝቅ ያለ መቃብር ነው፤ በራስጌው ድንጋይ ቆሟል። ወይዘሮ መብሩካ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔ ናቢልን ወደ ጎን ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሬዲዮውን፣ ጥጡን፣ ስልኩን።

ፊቱ ጠቆረ። "ይህን አልነግራትም" አለኝ። "ያ ሰው የዋሸው አዝኖላት ነው። እርስዎም ይዘኑላት። ነገ ተሳፍረው ይሂዱና ነገሩ እዚሁ ይቅር።"

"ምን ይላል?" የሚሉ መሰለኝ እናቱ። ናቢል ባጭሩ መለሰላቸው። የነገራቸው እኔ ያልኩትን እንዳልሆነ አውቄአለሁ።

ዐረብኛ የማውቀው ለመንገደኛ የሚበቃውን ያህል ነው። ግን በዚያ አገር ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ቶሎ የሚለመድ አንድ ቃል አለ፤ በባቡርም በሆቴልም ብቻዬን መሆኔን ሲጠይቁኝ ሰምቼዋለሁ። አጠገባቸው ተንበረከክሁና፣ "ሳላህ፣ ወህዱ" አልኳቸው። ሳላህ፣ ብቻውን።

እጃቸው መቃብሩ ላይ ቆመ። ወደ ናቢል ዞሩ። አሁን መሸሻ አልነበረውም፤ አንገቱን ደፍቶ ነገራቸው።

"ስንት ቀን?" አሉ።

"ስድስት።"

"በአንተና በእሱ በር መካከል ስንት ደረጃ አለ?"

"አሥራ ስድስት" አልኩ።

ተነሡ፤ የቀሚሳቸውን አቧራ አራገፉና እኛን ሳይጠብቁ ቁልቁል ሄዱ። የዚያን ቀን ለምሳ የሚጠራኝ አልነበረም። በእንግዳ ክፍሉ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። ወደ ማታ ናቢል ሻይ ይዞ ገባና፣ "እውነቱ ለማን ጠቀመ?" አለኝ። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ልሰናበት ስወጣ ወይዘሮ መብሩካ ግቢው ውስጥ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸው አብጧል። አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው አመለከቱኝ፤ ናቢል ቆሞ ይተረጉማል።

"ማን አጠበው?" አሉኝ።

"የመስጊዱ ሰዎች። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ውጭ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ እስከ አውሮፕላኑ ድረስ ሸኘሁት።"

ይህ እውነት ነበር። ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሌሊቱን ልረግምህ ነበር" አሉ። "ከዚያ እኔስ ስል ጠየቅኩ። በዚያ ወር አልደወልኩለትም። መከር ነው፣ ወይራው ይሰብሰብ፣ ሲያልቅ እደውላለሁ አልኩ። ይቅር የሚል እግዚአብሔር ነው። እኔ አልችልበትም።"

"አይጠበቅብዎትም" አልኳቸው።

"አሁን በእሱ ቤት ማን ገባ?"

"አዲስ ሰዎች ናቸው። አላውቃቸውም።"

"ልጅ የለህም?"

"አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ሌላ ከተማ ናት። እሑድ እሑድ ትደውላለች።"

"በሌላው ቀንስ?"

ናቢልን የደብተር ወረቀት አስመጡና ስልክ ቁጥሬን አጻፉት፤ ወረቀቱን አራት አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት። ሉዋዡ ሲነሣ ደጃፋቸው ላይ አልነበሩም።

ስቶክሆልም

አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስንወርድ ዝናብ በረዶውን እያቀለጠ ነበር። ጎልፍ ተጫዋቾቹ ቀልተው፣ እየሳቁ ዕቃቸውን ወሰዱ። ቤቴ ገብቼ ማሞቂያውን ከፍቼ ኮቴን ሳላወልቅ ተኛሁ። በሳምንቱ ውስጥ ከማንም ጋር ብዙ አላወራሁም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ከሩቅ የሚመጣ ሽውታ፣ የመኪና ጡሩምባና የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ በሉዋዡ ስወጣ መንደሩ ዳር ካየኋት የሳንቲም ስልክ ቤት ነው። ወይዘሮ መብሩካ ናቸው፤ ናቢል አብሯቸው የለም።

"ላባስ?" አሉ። ደህና ነህ ማለት ነው።

"ላባስ" አልኳቸው። ደህና ነኝ።

ከዚህ ሌላ የምንግባባበት ቃል አልነበረንም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ የእኔም ሳይሰማቸው አልቀረም። ሳንቲማቸው እስኪያልቅ ድረስ አልዘጉም።