ጋሽ አሰግድ ያለ ጡሩምባቸው

ጋሽ አሰግድ ከቤታቸው ሲወጡ ሁልጊዜ በእጃቸው ፌስታል ይይዛሉ። አንዳንድ ቀን ዳቦ አለበት፤ አንዳንድ ቀን ሁለት ራስ ሽንኩርት፤ ብዙውን ጊዜ ግን ባዶ ነው፤ የአዳማ ነፋስ እየሞላው ከጎናቸው ይንኮሻኮሻል። የሚይዙት ለዕቃ አይደለም። ከሩቅ የሚያያቸው ሰው «ገበያ እየሄዱ ነው» ብሎ ልቡ እንዲያርፍ ነው።

የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፤ በየመታጠፊያው ቆመው ሁለት ጊዜ ይነፋሉ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓቱን ይናገራሉ። አይጮኹም፤ ድምፃቸውን ግን አጥር አያግደውም። ሥራውን የያዙት የዘይት ፋብሪካ ጥበቃ በነበሩበት ጊዜ ነው፤ የቀድሞው ጡሩምባ ነፊ እግሩን ሲታመም «ለጊዜው ይያዙልን» ተባሉ። ለጊዜው የተባለው ነገር ልጃቸው ሀኒ ተወልዳ፣ ተምራ፣ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ሥራ እስክትይዝ ድረስ ቆየ። በዚህ መሃል የእጅ ስልክ መጣ፤ እድሩም የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። ሰው ግን ሞትን ከስልክ መስማት አልወደደም፤ ጡሩምባው ቀጠለ።

ሰፈሩ ጋሽ አሰግድን ይወዳቸዋል። ሊያያቸው ግን አይወድም። በጠራራ ፀሐይ እንኳ በደጅ ሲያልፉ ልብስ የምታሰጣ ሴት እጇ ገመዱ ላይ ይቀራል።

«ማነው ጋሼ?»

«ማንም፤ ዳቦ ልገዛ ነው» ይላሉ፣ ፌስታሉን ትንሽ ከፍ አድርገው።

የጎረቤት ልጅ ስትዳር፣ ሙሽሮቹ መኪና ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ከጓሮ አይወጡም። ይህን ያዘዛቸው ሰው የለም። አራስ ሲጠየቅም ባለቤታቸው ቀድመው ይገባሉ፤ እሳቸው ከውስጥ ሳቅ ከሰሙ በኋላ ይከተላሉ። አማርረው አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ ለሀኒ «እኔ እኮ ሰው ገድዬ አላውቅም» ብለዋታል። ሀኒ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ቲሸርቱን ያመጣችው እሷ ናት። በመስከረም የከተማው የምሽት ሩጫ ሊደረግ ሲል ሆቴሉ ለሠራተኞቹ ሁሉ ቲሸርትና ቁጥር ገዛ፤ እሷ ግን በዚያ ቅዳሜ ተረኛ ሆነች።

«አባዬ፣ ከሚባክን ለብሰኸው ውጣ» አለቻቸው።

«በዚህ ዕድሜዬ የሰው መሳቂያ ልሁን?»

«ግማሹ ሰው እኮ እየተራመደ ፎቶ የሚነሳ ነው። አንተ ቢያንስ መራመድ ታውቅበታለህ።»

ቲሸርቱ ብርቱካንማ ነበር፤ ደማቅ፣ ዓይን የሚወጋ። ጋሽ አሰግድ አልጋው ላይ ዘርግተው ለብዙ ጊዜ አዩት። እንዲህ ዓይነት ልብስ ለብሶ ሞት የሚናገር ሰው የለም። የሩጫው መስመር በዋናው አስፋልት ብቻ ሊሆን የታሰበ ነበር፤ አስፋልቱ ግን ለኮሪደር ልማት ግማሹ ተቆፍሮ ስለነበር በእነሱ ሰፈር ኮብልስቶን እንዲያልፍ ተደረገ፤ ያውም ሁለት ዙር። በገዛ ሰፈራቸው መንገድ ላይ ጡሩምባም ፌስታልም ሳይይዙ፣ ሰው ሳይደነግጥ ማለፍ። የፈለጉት ይህን ብቻ ነበር። ለሀኒ ግን «እሺ፣ ለጤናም ጥሩ ነው» ብቻ አሏት።

ቅዳሜ ፀሐይዋ ስትበርድ መነሻው ላይ ቆሙ። ዙሪያቸውን የከበቡት ወጣቶች ናቸው፤ ስልካቸውን ወደ ላይ አንስተው ራሳቸውን ይቀርጻሉ፤ ከድምፅ ማጉያው ሙዚቃ ያምባርቃል። ጋሽ አሰግድ እስከ መነሻው ድረስ በእጃቸው ይዘውት የመጡትን ፌስታል አጣጥፈው ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሩጫው ተጀመረ።

እግራቸው አላሳፈራቸውም። ዓመታት ሙሉ በጨለማ የተመላለሱበትን መንገድ በብርሃን ሲሮጡበት እንግዳ ሆነባቸው፤ ድንጋዩን ሁሉ በጫማቸው ያውቁታል፣ ቀለሙን ግን ያዩት ገና አሁን ነው። መንገድ ተዘግቶበት ጥግ ላይ የቆመው ባለባጃጁ ቶሌራ ከሩቅ አያቸው።

«አካም ጅርቱ ጋሼ! ልጫንዎት እንዴ? ለማንም አልናገርም።»

«ባጃጅህ ራሷ የምትነሳው በግፊያ ነው።»

አብረውት የቆሙት ባለባጃጆች ሁሉ በቶሌራ ሳቁበት። ጋሽ አሰግድ ወደ ሰፈራቸው ታጠፉ።

መታጠፊያው ላይ በቆሎ እየጠበሰች የምትሸጠው ሸዋወርቅ ናት። ልጅ የላትም፤ እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው አንድ ወንድም አላት፤ ኪሩ ይባላል፤ ቆቃ ላይ ከአስጋሪዎች ዓሣ እየተረከበ አዳማ ላሉ ምግብ ቤቶች ያደርሳል። ጋሽ አሰግድ እየሮጡ ብቅ ሲሉ ሸዋወርቅ ማራገቢያዋን ጣለች። ተነስታ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከኋላዋ ሁለት በሮች ተከፈቱ። ጋሽ አሰግድ ሲሮጡ ያየ የሰፈሩ ሰው የለም፤ የሚሮጡ ከሆነማ ነገሩ የከፋ ነው።

«ጋሼ፣ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!» አሉ እያለከለኩ፣ የደረታቸውን ቁጥር በጣታቸው እየመቱ። «እየተወዳደርኩ ነው!»

ከዚያ ሸዋወርቅ ሳቋን ለቀቀችው፤ ሆዷን ይዛ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። መንገዱ ሁሉ ተከተላት። አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው አፏጨ፤ ከየበሩ የወጡት ሴቶች እልል አሉ።

«ገድለውኝ ነበር እኮ!» አለች ሸዋወርቅ። «በሁለተኛው ዙር ሲመጡ ውሃ አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ። ነገ ደግሞ ኪሩ ዓሣ ሲያመጣልኝ አንዱ የእርስዎ ነው፤ ጉልበትዎን ይጠግናል!»

ጋሽ አሰግድ እጃቸውን አውለብልበው አለፉ። በዚህ መንገድ ሲያልፉ ተጨብጭቦላቸው አያውቅም። እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ድረስ ድካም አልተሰማቸውም።

ጣቢያው አጠገብ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ራህመቶ ቆመው ነበር፤ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው፣ በወሬ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ጋሽ አሰግድ ሊያበረታቷቸው የመጡ መስሏቸው ፈገግ አሉ። አቶ ራህመቶ ግን ወደ መንገዱ ገብተው ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ።

«አይቁሙ፣ እየሄድን እናውራ» አሉ በዝግታ። «ኪሩ አርፏል።»

«የትኛው ኪሩ?»

«የሸዋወርቅ። ቆቃ ላይ ዓሣ እያስጫነ ወደቀ አሉ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ነው። አሁን ደውለውልኝ ነው። አክስቷ ከቢሾፍቱ ሌሊቱን ይገባሉ፤ ጎህ ሲቀድ መርዶውን እሳቸው ይነግሯታል፤ ከዚያ እርስዎ ጡሩምባውን ይነፋሉ። እስከዚያ ማንም ማወቅ የለበትም።»

«እኔ እኮ አሁን በደጇ ላልፍ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው እዚህ የጠበቅኩዎት።» አቶ ራህመቶ ጥቂት አብረው ተራመዱ። «አቋርጠው ቢቀሩ ሰው ይጠይቃል፤ እሷም ትጠይቃለች። ዝም ብለው ይለፉ።»

ይህን ብለው ወደ ዳር ወጡ።

ጋሽ አሰግድ በዚህ ሥራ ሁለት ነገር አድርገው አያውቁም። ሰዓቱ ሳይደርስ መርዶ አልተናገሩም፤ ስለ ሞት ጠይቋቸው የዋሹትም ሰው የለም። «ማንም» ካሉ ማንም ነው። ሰውም ከፌስታሉ ይልቅ የሚያምነው ይህን ቃላቸውን ነበር። ሁለቱን አጣልቶ አንዱን ምረጥ ያላቸው ቀን እስከዛሬ አልመጣም።

ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበሩ አሁን፤ አብረዋቸው ያሉት ቀዝቃዛ ውሃ ራሳቸው ላይ እያፈሰሱ የሚራመዱ ልጆች ናቸው። የመንገድ መብራት በራ። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ቆርጦ ወደ አስፋልቱ መውጣት ይቻላል፤ ያን ቅያስ ከማንም በላይ ያውቁታል። ቅያሱ አፍ ላይ ሲደርሱ እርምጃቸው ዘገየ። ካልመጡ ግን ሸዋወርቅ ውሃዋን ይዛ እስኪጨልም ትቆማለች፤ ከዚያ ምን ነካቸው ብላ ቤታቸው ድረስ ትመጣለች። ባለቤታቸው ደግሞ ፊት መደበቅ አይችሉበትም። አለፉት። መታጠፊያው ሲቃረብ እጃቸው ሳያዙት ኪሳቸው ገባ፤ ፌስታሉን አውጥቶ ዘረጋ።

ሸዋወርቅ በውሃ የተሞላ ጆግ ይዛ ቆማለች። በመጀመሪያው ዙር በራቸውን የከፈቱት ሁሉ አሁን ወንበር አውጥተው ይጠብቃሉ።

«መጡ፣ መጡ!» አለች። ፌስታሉን ስታይ ሳቋ እንደገና መጣ። «ውይ ጋሼ፣ በሩጫው መሃል ደግሞ ገበያ ወጡ?»

«ልማድ ነው» አሉ። ጆጉን ተቀብለው ጠጡ። አልጠማቸውም ነበር፤ ግን ዓይናቸውን ከውሃው ላይ ማንሳት ስላልቻሉ እስከ ታች ጠጡት።

«ወይስ አሁንስ ማን ሞተ?» አለች ለሰዉ ጥቅሻ እየሰጠች። ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

ጋሽ አሰግድ ጆጉን መለሱላት።

«ማንም» አሉ። ድምፃቸው እንደሌላው ቀን ነበር። «ማንም አልሞተም ሸዋዬ። አንድ በቆሎ አስቀምጪልኝ።»

«በነፃ ነዋ! ሯጭ አይከፍልም።»

ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። «ዛሬ በጊዜ ግቢ። እራትሽን በደንብ በልተሽ ተኚ።»

«ምነው? የሮጡት እርስዎ፣ የሚደክመኝ እኔ?»

ሳቁና ጭብጨባው እስከ መንገዱ ጫፍ ድረስ ሸኛቸው። ጋሽ አሰግድ አንድም ጊዜ ሳይቆሙ ጨረሱ። ሜዳልያ አንገታቸው ላይ ተጠለቀላቸው፤ ሀኒ ከሆቴሉ ለአፍታ ሾልካ መጥታ ፎቶ አነሳቻቸው። በፎቶው ላይ ሁሉም ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እጃቸው ላይ ፌስታል አለ።

ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን ከሰፈሩ ዳር፣ ከሸዋወርቅ ቤት እጅግ ከራቀው መታጠፊያ ጀመሩት። ወደ እሷ ደጅ ሲደርሱ መርዶው ተነግሮ፣ ለቅሶው ወጥቶ፣ ድንኳኑ እየተተከለ ነበር። የኪሩን ስም ሁለት ጊዜ ተናገሩ።

በሠልስቱ ቀን ጋሽ አሰግድ የእድሩን ወንበሮች ሲደረድሩ ሸዋወርቅ ጥቁር ነጠላዋን እንደተከናነበች ከፊታቸው ቆመች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

«እራቴን በልቼ ነበር የተኛሁት» አለች። «እንዳሉኝ።»

ጋሽ አሰግድ ወንበሩን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። እሷ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። አመስግናቸው ይሁን ወቅሳቸው አላወቁም፤ የሚጠይቁትም ሰው አልነበረም።

አቶ ራህመቶ ጣቢያው ጋ ሲያነጋግሯቸው ያየ ሰው ነበርና ወሬው ሰፈሩን ዞረ። «እያወቁ ውሃዋን ጠጥተው አለፉ» ተባለ። ገሚሱ ደግ አደረጉ አለ፤ ገሚሱ አንጀታቸው እንዴት ቻለ አለ። በአንዱ ግን ሁሉም ተስማማ፤ ከዚያ ወዲህ ጋሽ አሰግድ «ማንም» ሲሉ ሰው ፊታቸውን ያያል፤ ቀጥሎ ፌስታሉን፤ መልሶ ደግሞ ፊታቸውን። ዳቦ ቤት ለመድረስ ከበፊቱ ብዙ ጊዜ ይፈጅባቸው ጀመር። ቲሸርቱን ሀኒ አጥባ አጣጠፈችው፤ አልለበሱትም።

ከኪሩ አርባ በኋላ ሸዋወርቅ ወደ መታጠፊያዋ ተመለሰች። የመስኖ በቆሎ የገባበት ሰሞን ነበር። አጠገቧ አዲስ የተከራየች ከሪማ የምትባል ወጣት ቆማ በቆሎዋ እስኪበስል ስትጠብቅ ጋሽ አሰግድ ብቅ አሉ። ከሪማ የሰፈሩን ወሬ ሰምታለች፤ ገና ስታያቸው ደነገጠች።

«ማነው ጋሼ?»

«ማንም፤ ዳቦ ልገዛ ነው» አሉ፣ ባዶውን ፌስታል ከፍ አድርገው።

ከሪማ አላመነችም። የሚያውቅ ሰው እንደምትፈልግ ሁሉ ወደ ሸዋወርቅ ዞረች። ሸዋወርቅ በቆሎውን አገላበጠች፤ ቀና ብላ ፌስታሉን አየችው፤ ከዚያ ጋሽ አሰግድን።

«ፌስታል ይዘዋል አይደል?» አለች ለከሪማ። «ዳቦ ሊገዙ ነው። ተቀመጪ።»

ከፍሙ ላይ አንድ በቆሎ አነሳች። ከሪማ እጇን ስትዘረጋ «ይሄ የእሳቸው ነው፤ ከሩጫው ቀን ጀምሮ አስቀምጪልኝ ብለውኛል» አለቻት። ትኩሳቱ ፌስታሉን እንዳያቀልጠው በራሱ ቅጠል ጠቀለለችና ከተተችላቸው።