ቁልፉን ይዤ የወጣሁ ዕለት

ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ሳቄ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚሰማው፤ ያን ቀን ግን ጢሜን ስላጭ ሁሉ አንጎራጉር ነበር። በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ እንድናገር ተጋብዣለሁ።

ማኅበሩ ጥፋት ፈጽመው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚታሰሩ ልጆችን የምንጠብቅ ሠራተኞች ማኅበር ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን ገብቼ በጽዳት ጀመርሁ፤ ከዚያ በአንድ የልጆች ማቆያ ተቀጠርሁ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም። ስለ ልጆች ጠባይ የማውቀውን ያገኘሁት ቶተንሃም ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ነው። ስለ ሥራችን የሚጠይቀን ሰው ጥቂት ነው፤ የጠየቀም «አትፈራም?» ከማለት አያልፍም። ማኅበሩ ውስጥ ግን ልጅ ፊትህ ቆሞ ሲሰድብህ ድምፅህን ሳታነሣ እንዴት እንደምትቆም የሚያስተምሩ ሰዎች አገኘሁ። ስንት ዓመት ከኋላ ወንበር ማስታወሻ ስይዝ ኖርሁ። አሁን «አንተ ተናገር» አሉኝ። ንግግሬን ከወደዱት ከአሠልጣኞቹ አንዱ ልሆን ነው፤ ዲፕሎማ የሌለው አሠልጣኝ ደግሞ ከዚያ በፊት አልነበራቸውም።

የምናገረው ጥፋትን ቀድሞ ስለ መናገር ነበር። ልጆቹን ዘወትር የምላቸው «ሳትያዝ ተናገር» ነው። ልጄንም ያሳደግኋት በዚሁ ቃል ነው፤ ጆሮዋ እስኪደክም።

ጠዋት ሥራ ገባሁ። ደንባችን እንዲህ ነው፦ ስንገባ ቁጥራችን የተቀረጸበትን ክብ ናስ ለበር ጠባቂው ሰጥተን ቁልፍ እንወስዳለን፤ ስንወጣ ቁልፉን መልሰን ናሱን እንቀበላለን። ቁልፍ ይዞ ከግቢ መውጣት ትልቅ ጥፋት ነው። ለአዲስ ሠራተኛ ይህን የምነግረው እኔ ነኝ። «ሱሪህን ረስተህ ውጣ፤ ቁልፉን ግን መልስ» እላለሁ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ጋ ደረስሁ። በር ጠባቂው፣ ለዓመታት የማውቀው ጋናዊ ሽማግሌ፣ ከወንበሩ ተነሣ።

«ዛሬ ስማችንን ታስጠራለህ!» ብሎ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ናሱንም መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ካፖርቴን ቆልፌ እየተጣደፍሁ ወጣሁ።

ካምደን፣ ስብሰባው ያለበት አዳራሽ በር ላይ ልጄ ትጠብቀኝ ነበር። እዚሁ የተወለደች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

«አባዬ፣ ክራቫትህ ጠሟል» ብላ ካፖርቴን ከፈተች። «ይሄ የሚንቃጨለው ምንድን ነው?»

ወገቤን ዳሰስሁ። የቁልፎቹ ሰንሰለት። «የማቆያው ቁልፍ ነው» አልኋት።

«ኦ ማይ ጋድ። መቼ ነው የምትናገረው?»

«ሰባት ተኩል ላይ።»

«በቃ፣ ተናግረህ ትመልሰዋለህ። ንግግርህ ሃፍ አን አወር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ምን አላት?»

ብዙ አላት። ስምንት ሰዓት ላይ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይመጣሉ። ከዚያ በፊት ቁልፍ ይቆጠራል፤ አንድ ከጎደለ ግቢው ይዘጋል፣ ማንም ልጅ ከክፍሉ አይወጣም። እኔ ከምጠብቃቸው አንዱ እናቱን ካየ ወር አልፎታል። ከባተርሲ በባቡርና በአውቶቡስ ቀያይራ ነው የምትመጣው።

አልዋሽም፤ ለአፍታ እሺ ልላት ነበር። ጥፋቱ የበር ጠባቂው ነው የምልበትን ቃል ሳይቀር በሆዴ አሰናድቼ ነበር።

ልጄ ፊቴን አይታ ሳቀች። «ኦኬ፣ ኦኬ። ሳትያዝ ተናገር፣ አይደል? ዕድሜ ልኬን የሰማሁት! በል ደውል።»

ደወልሁ። ስልኩን ያነሣችው ኃላፊዬ ናት። «ግቢውን አሁን እዘጋለሁ። እስከ ስምንት ተኩል ካልደረስህ ወላጆቹን እመልሳቸዋለሁ» አለችኝ።

የስብሰባውን ሊቀመንበር አንድ ደቂቃ ለመንኋትና መድረክ ላይ ወጣሁ። ሰንሰለቱን ከፍ አድርጌ ያዝሁ።

«ይህ የማቆያችን ቁልፍ ነው። ዛሬ ይዤው ወጣሁ። ደውዬ ተናግሬአለሁ፤ ልመልሰው እየሄድሁ ነው። ንግግሬም ይኸው ነው» አልሁ።

 ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ! ኪሱን የሚደባብሰው፣ ቦርሳውን የሚያገላብጠው ብዙ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የነበሩ አንዲት ወፍራም ሴትዮ «ወይኔ ጉዴ!» ብለው ተነሡ። የእሳቸውም ማቆያ ቁልፍ ቦርሳቸው ውስጥ ነበር። እኔን ቀድመው በሩጫ ወጡ። ሳቁና ጭብጨባው ደረጃው ድረስ ተከተለን።

ልጄና እኔ ዩስተን ላይ ባቡር ቀየርን፣ ከቶተንሃም አውቶቡስ ያዝን፣ የቀረውን ሮጥን። እኔ ስሮጥ አይታኝ አታውቅም። «ጎ ኦን፣ አባዬ!» እያለች ከፊቴ ትሮጣለች። በሩ ጋ ስንደርስ ለስምንት ተኩል አምስት ጉዳይ ነበር። ማቆያው ውስጥ ስልክ ስለማይገባ የኔን ለልጄ ሰጠኋት።

ወላጆቹ ተሰልፈዋል፤ የባተርሲዋ እናት ከፊት ናት። ለበር ጠባቂው እጄን ዘረጋሁ።

«አይሆንም!» አለ። «መጀመሪያ ቁልፉን!»

ሰጠሁት። ቆጠረው፣ ሰቀለው፣ ከዚያ ጨበጠኝ። «የእኔንም ጥፋት ለኃላፊዋ ነግሬአታለሁ» አለኝ። አፈርሁ። እኔ ላሳብብበት ስል እሱ ራሱን ከስሷል።

በሩ ተከፈተ፤ የባተርሲዋ እናት እየተጣደፈች ገባች። ኃላፊዬ ለሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደምትጽፍ ነገረችኝ። ይገባናል።

ስወጣ ልጄ ስልኬን እያውለበለበች ትዘላለች። ሊቀመንበሯ መልእክት ልካለች።

«ስማ፣ ስማ! ‹በሚቀጥለው ወር ሥልጠናውን ጀምርልን። ቁልፉን መልሰህ ና› ትላለች!»

ላቅፋት እጄን ዘረጋሁና መሃል ላይ አቆምሁ። አስቀድሜ ወገቤን ዳሰስሁ። ባዶ ነው። ከዚያ አቀፍኋት።