ኮረንቲ የያዘው ፖሊስ

ስሙን ተዉት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ በሉ» ነው የሚለው። ከእኔ ጋር ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ፖሊስ ነው። ረጅም ነው፣ ጆሮው እንደ ጣሳ እጀታ ወደ ውጭ የወጣ። ሰው ሲጣላ ከደረሰ ያቺኑ አንድ ቃል ነው የሚያወጣው፦ «ቀስ በሉ፣ ኧረ ቀስ በሉ!» ዱላ አያነሳም። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችው፤ አባቱ ደግሞ ጠጥቶ በገባ ቁጥር ይማታ ነበር አሉ። ታዲያ ይሄ ልጅ ጉልበቱ ሳይጠና ጀምሮ በሁለቱ መሀል እየገባ አደገ። መሀል መግባት ለሱ ሥራ አይደለም፣ አመል ነው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ከእጇ የፈጠነ። ወንድሟም እዚያው ጣቢያ ፖሊስ ነው፤ እሱን ደግሞ «ክብሪት» እንለዋለን። ሳይጭሩት የሚነድ! ግን እውነቱን ልናገር፣ ቀስ በሉ ሥራ አጥቶ የሰው በር ሲጠብቅ አለቃውን ለምኖ ፖሊስ ያስገባው ክብሪት ነው። ውለታው ከባድ ነው።

አምና ታዲያ ጣቢያቸው ያንን መሣሪያ አመጡ። እነሱ «የንዝረት መሣሪያ» ይሉታል፣ እኛ ኮረንቲው እንለዋለን። ሽጉጥ ይመስላል፤ ሲተኮስ ግን ጥይት የለውም፣ ሽቦ ያላቸው ሁለት መርፌዎች ናቸው የሚወጡት። ሰው ላይ ሲሰኩ ኮረንቲ ይይዘዋል፣ ደርቆ ይቀራል። ደንቡን በቃል ካልያዛችሁ አትታጠቁም ተባሉ። ሚስት እየሰፋች ትጠይቀዋለች፣ እሱ እንደ ተማሪ ቆሞ ይመልሳል፣ እኔ ደጃፌ ላይ ምስር እለቅማለሁ።

«በየት በኩል ነው የሚታጠቀው?»

«ሽጉጡ በቀኝ፣ ኮረንቲው በግራ።»

«ለምን?»

«እጅ በድንጋጤ እንዳይሳሳት።»

«ማን ላይ አይተኮስም?»

«ነፍሰ ጡር ላይ፣ ሕፃን ላይ፣ ሽማግሌና አሮጊት ላይ...»

«እሰይ!» አልኩኝ። «በሉ ዛሬውኑ የባለሱቁን ዶሮ ልሰርቅ ነው!»

«እማማ፣ እርስዎንስ ኮረንቲውም ይፈራዎታል» አለኝ። ሚስቱ ሳቀችና «አትሽሽ፣ ቀጥል» አለችው።

«ውሃ ውስጥ ያለ፣ እጁ በካቴና የታሰረ። ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የወጣ። ሰውነቱ ስለሚደርቅ እንደ ግንድ ነው የሚወድቀው፣ እጁን እንኳ አይዘረጋም። ሳያስጠነቅቁ መተኮስም ክልክል ነው።»

የሚታጠቅ ሁሉ ደግሞ አንድ ጊዜ ራሱ ላይ ይቅመሰው ተባለ፤ የሚያደርገውን እንዲያውቅ። ቀስ በሉ ቀመሰ። ማታውን ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። «እማማ፣ አጥንቴ ውስጥ ንብ የገባ ነው የመሰለኝ» አለኝ። ክብሪት የዚያን ቀን ጥርሴን አመመኝ ብሎ ቀረ። የጥርሱ ሕመም በማግስቱ ለቀቀው፤ ኮረንቲውን ግን ሳይቀምስ ታጠቀ። ማንም ምንም አላለው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ።

አንድ ጠዋት ሁለቱ አብረው ተጠሩ። አዲስ የሚሠራ ሕንፃ ነው። ባለቤቱ ቀለም ቀቢውን «ያላዘዝኩህን ቀለም ቀባህብኝ፣ ውጣልኝ» ይለዋል። ቀለም ቀቢው ደግሞ «ቀለሙን የመረጥከው አንተ ነህ!» ብሎ መሰላሉ ላይ ይወጣና ጣሳውን የባለቤቱ መኪና ላይ ይደፋል። በጓሮ በኩል ስለነበር ከባለቤቱ ሌላ ያየ ሰው የለም። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሰውየው አናት ላይ ሆኖ አልወርድም አለ። ቀስ በሉ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ፣ «ወንድሜ፣ ቀስ በል፣ ና እናውራ» ይለዋል። ሰውየውም ልቡ እየራራ ነበር። ምን ያደርጋል! ብሩሹን ሲጥል ቀለሙ ተረጭቶ የክብሪት አዲስ ዩኒፎርም ላይ አረፈ። ባለቤቱ «አንተንም ቀባህ!» ብሎ ሳቀ። በቃ። ክብሪት ነደደ። ሳያስጠነቅቅ፣ ሳይል ሳይናገር ኮረንቲውን መዘዘ። ቀስ በሉ ዞር ሲል ክብሪት ሰውየው ላይ ሲያነጣጥር አየው። ለመጮህ አልደረሰም፤ መሰላሉ ላይ ዘሎ ወጣና ቀለም ቀቢውን በጀርባው ከለለው። ሁለቱ መርፌዎች ጀርባው ላይ ተሰኩ። ቀስ በሉ አሸዋ ላይ ወደቀ፣ አሸዋው ነው ያተረፈው።

መርፌውን ነርስ ካልሆነ ማንም አይነቅለውም፣ ይሄም ደንብ ነው። ስለዚህ ቀስ በሉን ወደ ክሊኒክ ወሰዱት። እሱ እዚያ በሆዱ ተኝቶ ሳለ ክብሪት ጣቢያ ገብቶ ቀድሞ ቃሉን ሰጠ፦ «ቀለም ቀቢው ወርዶ ነበር። የግድግዳ መፋቂያ ይዞ መጣብን። እሱ ላይ ስተኩስ አማቼ መሀል ገባ።» ባለቤቱም በመኪናው ተናዶ ስለነበር «አዎ፣ ልክ ነው» አለ። ቀለም ቀቢው ታሰረ። የቀረው የቀስ በሉ ቃል ነው። እሱ «ወርዶ ነበር» ካለ ሰውየው ወህኒ ይወርዳል፤ «አልወረደም» ካለ የሚስቱ ወንድም ጉዱ ፈላ።

አመሻሽ ላይ ክብሪት እነሱ ቤት መጣ። እኔ ግድግዳው አጠገብ ሥራ ነበረኝ። ምን ሥራ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

«አንድ ቃል ናት እኮ» ይላል ክብሪት። «'ወርዶ ነበር' በል፣ አለቀ።»

«አልወረደም።»

«ሥራ ያስገባህ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

«በል እንግዲህ!»

ሚስትየው ታለቅሳለች። «ያ ሰውዬ ምናችን ነው? አናውቀው፣ አያውቀን! ይሄ ግን ወንድሜ ነው። ስማኝ፣ ወንድሜ!»

«መሰላሉን ጨምድዶ ይዞ ነበር» አላት ቀስ ብሎ። «እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።»

«የኔ እጅስ? የኔ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይታይህም?»



በማግስቱ ጠዋት ቅባት ይዞ ደጄ መጣ። ሚስቱ አልቀባህም ብላዋለች። ሸሚዙን ሲገልጥ ጀርባው ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ እባብ የነከሰው ይመስላል።

«ልጄ፣ መፋቂያ ይዞ ለመጣ ሰው ጀርባ ይሰጣል እንዴ?» አልኩት እየቀባሁት።

«ግድግዳው ስስ ነው አይደል፣ እማማ?»

«እኔ ምንም አልሰማሁም! ጆሮዬ ደክሟል።»

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አለኝ።

«እኔማ እዋሻለሁ። የሚስት ወንድም ቀላል ነገር መሰለህ? ትዳር ነው የሚፈርሰው። ዋሽና ና፣ ንስሐውን ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ።»

የምሬን ነው ያልኩት። ሳቀ፣ ግን ሳቁ ከአፉ አላለፈም። «እርስዎ ውሸት ያምርብዎታል፣ እማማ። እኔ ፊቴ ይቀላል» ብሎ ተነስቶ ሄደ።

ጣቢያ ቤት የምታጸዳው ወዳጄ ናት፣ እሷ እንደነገረችኝ አለቃቸው ብቻውን አስገብቶ ጠየቀው። «ሲተኮስ ሰውየው የት ነበር?» ቀስ በሉ ቆቡን ያዟዙራል፣ ያዟዙራል። አለቃው ሊቆጣ ሲል፣ «መሰላሉ ላይ። ማስጠንቀቂያም አልነበረም። የገባሁት እንዳይወድቅ ብዬ ነው» አለ። ክብሪት ኮሪደር ላይ ሆኖ ሰምቷል። ሲወጣ አጠገቡ ምራቁን ጢቅ አድርጎ፣ «እኔ ነኝ ሰው ያደረግኩህ» አለው። እሱም «አዎ፣ አንተ ነህ» አለ አሉ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ቀለም ቀቢው ያኑ ቀን ተፈታ። ጥፍሩ ውስጥ ቀለሙ እንዳለ ሊያመሰግን መጣ፤ ሚስትየው በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው። ክብሪትን ኮረንቲውንም ሽጉጡንም ነጠቁት፤ ጉዳዩ ገና ነው፣ ምን እንደሚወስኑበት አይታወቅም። ቀስ በሉንስ ሸለሙት? የት! አብሮት ለሥራ የሚወጣ ጠፋ። «ከሱ ጋር የወጣ ሰው በራሱ ላይ የሚመሰክር ይዞ ነው የወጣው» ይላሉ። ምሳውን ብቻውን ይበላል።

ሚስትየውም እናቷ ቤት ገባች። ባለፈው የቀረ ጨርቋን ልትወስድ መጣች።

«ተቀመጪ እንጂ» አላት።

«አልቀመጥም። እናቴ ካንተ ቤት ውሃ እንኳ አትጠጪ ብላኛለች።»

«አንቺስ?»

ጨርቁን እያጣጠፈች ቆየች። «አንድ ቃል ብትዋሽልኝ ምን ነበረበት?»

«ቢወድቅ ኖሮስ?»

«አልወደቀም እኮ! አንተ ነህ የወደቅከው!»

ጥቅሉ ከብዷት ስታነሳ ስታስቀምጥ ቆይታ፣ በመጨረሻ እሱ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገው። አላመሰገነችውም፣ አልከለከለችውምም። ወጥቼ አየኋቸው፤ ባንድ መንገድ ይሄዳሉ፣ በመሀላቸው ግን ሌላ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ነበር።