የአያቴ የውሃ ጣሳ

አያቴ ካረፉ ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው። እኔ ግን አንድ ቦታ ተቀምጬ መቆየት አልቻልኩም።

ሬዲዮው አፋር ላይ ምድር ተንቀጠቀጠች ካለ ወዲህ፣ አያቴ ወረታ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ጠዋት ጠዋት ጣሳ ሙሉ ውሃ አግዳሚው ላይ ያስቀምጡና ዓይናቸውን ይተክሉበት ነበር። ውሃው ከተንቀጠቀጠ ሁላችንንም ደጅ ሊያስወጡን ነው። ታዲያ ጎረቤታችን ያለው የሩዝ መፈልፈያ ሲነሳም ውሃው ይንቀጠቀጣል። እናቴን አንድ ቀን ጸጉሯን ስትታጠብ ከነአረፋዋ አስወጥተዋታል። ከዚያ በኋላ ባለመፈልፈያው እሳቸውን አክብሮ ጣሳቸውን እስኪያነሱ ድረስ ሞተሩን አያስነሳም ነበር።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ፣ «አባባ፣ እዚያ ምድር የምትሰነጠቀው ከሥር የተሸከሟት ታላላቅ ዐለቶች እየተራራቁ ስለሆነ ነው፤ እኛ ሩቅ ነን» እላቸዋለሁ።

«ሩቅ መሆናችንን ለምድሪቱ ነገርካት? ይልቅ እግርህን አሳርፍ፤ ላዳምጣት» ይሉኛል። ስቀመጥ እግሬን የማንቀጥቀጥ አመል አለብኝ።

ዛሬ ጠዋት ለቀስተኛው ሳይመጣ ጣሳውን ሞልቼ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩና ከጎኑ ተቀመጥኩ። መፈልፈያው ለሐዘናችን ሲባል እንደተዘጋ ነው። መንገዱም ጭር ብሏል። ውሃው ግን ተንቀጠቀጠ።

«ውጡ!» ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ፤ እግሬ ነው።

«እግርህን አሳርፍ» እስክባል ጠበቅኩ። ውሃው መንቀጥቀጡን አላቆመም።